በቤት ውስጥ የእጅ ሥራ፦ ሹራብና ሳሙና ከልጆች ጋር



ለየቲም ልጆች የሚደረግ ድጋፍ ሲነሣ አስቀድመው ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ቀለብ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ናቸው። መቅደማቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አባቱን ያጣ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ የሚያሳልፈው ረጅም ምሽት አለ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠይቁት ዝም የሚል ልጅ፣ ዓይኑ ክሩ ላይ ሳለ ስለ አባቱ ማውራት የሚጀምርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት እናትና ልጅ አብረው ተቀምጠው ሊሠሩአቸው የሚችሉ ሁለት ሙያዎችን እንመለከታለን።

ሹራብ መሥራት ከአውሮፓ የመጣ ሙያ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ከተገኙት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከል በእስልምና ዘመን በግብፅ የተሠሩ ነጭና ሰማያዊ የጥጥ ካልሲዎች ይገኙበታል። በስፔንም እ.ኤ.አ. በ1275 በሞተው በልዑል ፌርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ መቃብር ውስጥ በሹራብ ስልት የተሠራ የሐር ትራስ ተገኝቷል፤ በዳርቻው በኩፊ ጽሕፈት «በረከት» የሚል የዐረብኛ ቃል ይነበብበታል። የሙስሊም ባለሙያዎች ሥራ እንደሆነም ይታመናል።

ለጀማሪ ልጅ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት መርፌዎችና መካከለኛ ክር ይበቃሉ። 30 ቀለበት ቢጀመር ስፋቱ ከ16 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የአንገት ልብስ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ረድፍ በአንድ ዓይነት አሠራር ከቀጠለ ጠርዙ አይጠቀለልም። በየረድፉ መጨረሻ ቀለበቶቹ ይቆጠሩ። 29 ከሆኑ አንዱ አምልጧል ማለት ነው፤ ያመለጠውም እንደ መሰላል ወደ ታች እየተፈታ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ብዙ እናቶች ሥራውን ተቀብለው ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ይህ ትክክል አይመስለንም። የኪሮሽ መርፌ ሰጥቶ ቀለበቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እንዲመልሰው ማሳየት ይበልጣል። የተበላሸ ነገር እንደገና ሊጠገን መቻሉን በገዛ እጁ ያየዋል።

ሳሙና ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በአገራችን እናቶች ሳሙና ሳይለመድ በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች በሚያጥቡበት የዐድዋ ወንዝ ዳር ነው። በፍልስጤም ደግሞ የናብሉስ ሳሙና ከወይራ ዘይት፣ ከውሃና ከሶዳ ይሠራል፤ ይህ ባህል እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በቤት ለመሥራት ለ500 ግራም የወይራ ዘይት 64 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 150 ግራም ውሃ ያስፈልጋል። መጠኑ በሚዛን እንጂ በማንኪያ ወይም በብርጭቆ አይለካም። ለወይራ ዘይት ብቻ የተሰላ ስለሆነም ወደ ሌላ ዘይት አይወሰድም፤ ለምሳሌ ለዚያው ክብደት የኮኮናት ዘይት 87 ግራም ገደማ ሶዳ ይፈልጋል። ያንን መጠን በወይራ ዘይት ላይ ያደረገ ሰው ቆዳ የሚያቃጥል ሳሙና ያወጣል።

ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ ወደ ሶዳው ፈጽሞ አይፈስስም፣ ገንፍሎ ይረጫልና። ውሃው በራሱ ጊዜ በእጅጉ ይሞቃል፤ የሚወጣው ጭስም ስለሚጎዳ መስኮት ይከፈት። በየቤታችን የምናገኘው የአልሙኒየም ድስት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ይሁን። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግድ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚህ ደረጃ ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አይደረግበትም።

የበረደው ውሃ ወደ ዘይቱ ተጨምሮ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ይማሰላል። በእጅ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላልና ትዕግሥት ያላት ታድርገው። በቅርጽ ማውጫ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካደረ በኋላ በጓንት ይቆረጥና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር 6 ሳምንት ይቆያል። ልጆች የሚቀላቀሉት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያሽጋሉ፣ ቀኑን ይጽፋሉ። መሥራት ካማራቸው የበሰለ ሳሙና በመፋቂያ ፍቀው፣ ጥቂት ውሃ ጨምረው፣ ትልቅ ሰው በፈላ ውሃ ላይ ካቀለጠላቸው በኋላ አዲስ ቅርጽ ያወጣሉ።

ሥራው መሸጥ ሲጀምር ጥያቄ ይነሣል፤ ገንዘቡ የማን ነው? እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ቆዳ እያለፉና እየሰፉ ያገኙትን በሰደቃ ይሰጡ እንደነበር ተዘግቧል። የሰጡት ግን የራሳቸውን ነው። የቲሙ በእጁ የሠራው የአንገት ልብስ ዋጋ የቲሙ ገንዘብ ነው፤ አሳዳጊ ዘመድም ሆነ ማኅበር አማና ጠባቂ ነው። የቤቱ ወጪ ቢያስቸግር እንኳ ከልጁ ሥራ ላይ ዝም ብሎ መውሰድ አይገባም። ማን ምን እንደሠራ፣ ክሩ ስንት እንደወጣበት፣ በስንት እንደተሸጠ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩንም ልጁ ራሱ ይያዘው።