ቀን የራሱ ልክ አለው

ልጄ፣ ሰሞኑን ስትደውዪ ከሰላምታው ቀድሞ የሚመጣው «አክስቴ፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው» የሚለው ሆኗል። ቀን ቢሮ፣ ማታ የማስተርስ ትምህርት፣ ቅዳሜና እሑድ ልቅሶና ሰርግ፣ በዚያ ላይ የውሃ ፈረቃ ጠብቆ ጀሪካን መሙላት፤ እውነትሽን ነው፣ ይከብዳል። ጡረታ እስክወጣ ገንዘብ ያዥ ነበርኩና የተጨናነቀ ቀን አውቃለሁ። የምመክርሽ ግን በአንድ ቀን ብዙ ሥራ ስለመጨረስ አይደለም። ዕቅድ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዛሬ የማትሠሪውን በጊዜ ለይተሽ ከሐሳብሽ እንድታወጪው ነው።

1. በሐሳብ የያዝሽውን ጻፊው፤ ከነቀኑና ከነቦታው። ግማሹ ስልክሽ ላይ፣ ግማሹ ቴሌግራም ውስጥ፣ ግማሹ በቦርሳሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ከሆነ ፍለጋው ራሱ ሥራ ይሆንብሻል፤ አንድ ደብተር ይበቃል። «የእማዬ መድኃኒት» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ጭንቀቱ አብሮሽ ይውላል። «ሐሙስ ከሥራ ስወጣ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት» ካልሽ ግን ጉዳዩ ቦታ ያዘ። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። ያላለቀ ጉዳይ ሌላ ሥራ ላይ እያለን እየመጣ ሐሳብ ይበትናል፤ በጥናቱ የተካፈሉት ሰዎች ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲያወጡለት ግን፣ ሥራው ገና ሳይጀመር እንኳ፣ ረበሻው ቀረላቸው።

2. ለአንድ ቀን ከሦስት በላይ ዋና ሥራ አትያዢ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። ሰኔ ላይ፣ በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ አንድም ይበቃል። የቀረውን «ጊዜ ከተረፈ» በሚል ከሥር አስፍሪው፤ ካልተረፈም ዕዳ እንዳለብሽ አትቁጠሪው።

3. ከባዱን ጠዋት ሥሪ። ቢሮ 2፡30 ገብተሽ መጀመሪያ ቴሌግራም ከከፈትሽ ቀንሽን የሚያቅዱልሽ ሌሎች ናቸው። እስከ 4 ሰዓት ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። የግሩፑን ወሬ ምሳ ሰዓት ብታነቢው የሚያመልጥሽ የለም፤ የቸኮለ ሰው ይደውላል።

4. ቀኑን በክፍል በክፍል ያዢው። ይህን ከውጭ አንማርም። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑንና ሌሊቱን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ብላ ለሰባት የጸሎት ጊዜ ከፍላዋለች። ሙስሊሙ ወገናችንም ከፈጅር እስከ ዒሻ አምስት ሰላት አለው። ጎረቤቴ ሐጂ ቀጠሮ ሲሰጡኝ «ከዐስር ሰላት በኋላ» ይሉኛል እንጂ «10 ሰዓት ከሩብ» ብለው አያውቁም፤ ቀርተውብኝም አያውቁም። አንቺም እያንዳንዱን ደቂቃ በሠንጠረዥ አትሰሪ፤ «ከቢሮ በፊት»፣ «ከምሳ በፊት»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «ማታ» ብለሽ ክፈዪውና በየክፍሉ አንድ ጉዳይ አኑሪ። ጠዋቱ ቢበላሽ ከሰዓቱን ይዞት አይሄድም። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያንጠለጠልሽውን ጉዳይ ለዚያ አቆዪው።

5. በገመትሽው ሰዓት ላይ ጨምሪ። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ነበር፤ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው። ሁሉ ነገር ቢበላሽ ብለው የሰጡት ግምት እንኳ ከዚያ ያነሰ ነበር። መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍሽ ላለሽው ለአንቺ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። በእኛ አገር ደግሞ «ሲስተም የለም» አለ፣ መብራት መጥፋት አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳትመድቢበት ተዪው።

6. «ዛሬ አይመቸኝም» ማለትን በወጉ ልመጂ። ልቅሶ ቀጠሮ አይይዝም፤ ሂጂ። ቀብር ያመለጠው ለሠልስት ይደርሳል፣ ማንም አይቀየምሽም። ለሌላው ግን የምትመጪበትን ቀን ጨምረሽ እምቢ በዪ፤ «ዛሬ አልችልም፣ እሑድ ከሰዓት ቡና እጠጣለሁ» ብትዪ ሰው አይከፋውም። የሚያስቀይመው «እሺ» ብሎ መቅረት ነው።

7. ቀኑን ሳትዘጊ አትተኚ። ገንዘብ ያዥ ካዝናውን ቆጥሮ ከመዝገቡ ሳያመሳክር ቤቱ አይሄድም፤ ቢጎድልም ቢተርፍም ተጽፎ ያድራል። አንቺም ማታ ደብተርሽን ግለጪና በየሥራው አጠገብ «አለቀ»፣ «ለነገ»፣ ወይም «ተትቷል» ብለሽ ጻፊ። ሦስት ጊዜ «ለነገ» የተባለ ሥራ ካለ ከፋፍይው፣ ለሌላ ሰው ስጪው፣ አለዚያም ሰርዢው። ከዚያ የነገን ሦስት ሥራ ጻፊ። በአሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉ ወጣቶች ያጠናቀቁትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አግኝቷል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ እንቅልፍሽ ለሳምንታት ካልተመለሰ፣ ምግብም ካስጠላሽ፣ ነገሩ ከዕቅድ ያለፈ ነውና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አትፈሪ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ሰባቱንም በአንድ ሳምንት ልጀምር እንዳትዪ ደግሞ። በአንደኛውና በሰባተኛው ጀምሪ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ጊዜሽን ይባርክልሽ፣ ልጄ።