የሾፓን የፔዳል ምልክቶችና የፕሌየል ፒያኖ፦ የሙዚቃ መሣሪያ እንደ ጥናት ማስረጃ

የሮማንቲክ ዘመንን የፒያኖ ሙዚቃ የሚያጠና ሰው በቅድሚያ የሚመለከተው ኖታውን ነው። ይሁን እንጂ ኖታው የተጻፈው ለአንድ የተወሰነ መሣሪያ በመሆኑ መሣሪያው ሲለወጥ የምልክቱ ትርጉምም አብሮ ይለወጣል። ለዚህ ግልጽ ማሳያ የሚሆነው የፍሬደሪክ ሾፓን (1810–1849) የፔዳል አጠቃቀም ነው።

ሾፓን በበርካታ ሥራዎቹ ላይ ፔዳሉ ኅብረ ድምፁ ከተለወጠ በኋላም ተይዞ እንዲቆይ አመልክቷል። ይህ በዘመናዊ ፒያኖ ላይ እንደተጻፈው ሲፈጸም ድምፆቹ ይደበላለቃሉ። በዚህም ምክንያት አንዳንድ አርታዒያን ምልክቶቹን እንደ ግድፈት ቆጥረው ለውጠዋቸዋል። ሆኖም በሾፓን የእጅ ጽሑፎች ላይ የፔዳል ምልክቶች ተሰርዘው እንደገና የተጻፉባቸው ቦታዎች ይገኛሉ። ይህም ጉዳዩ የቸልተኝነት ሳይሆን የታሰበበት ምርጫ መሆኑን ያመለክታል።

የምርጫው ምክንያት በከፊል ከመሣሪያው ይመነጫል። ሾፓን ከ1831 ጀምሮ በፓሪስ ሲኖር ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የፕሌየልን ፒያኖ ነበር። በከተማዪቱ የመጀመሪያውን ኮንሰርት በ1832፣ የመጨረሻውን ደግሞ በ1848 ያቀረበው በዚሁ ድርጅት አዳራሾች ነው። በ1839 የታተሙት 24 ፕሬሉዶች በፈረንሳይ እትማቸው ለካሚል ፕሌየል የተበረከቱ ናቸው። በአንጻሩ ፍራንዝ ሊስት ይበልጥ የሚታወቀው በኤራር ፒያኖ ነው። ኤራር በ1821 ያስመዘገበው ስልት ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ድምፁን መድገም ያስችል ስለነበር ለፈጣን አጨዋወት አመቺ ነበር። ፕሌየል ግን ቀለል ያለውን ስልት ይዞ ቆይቷል።

የፕሌየል አውታሮች ከዘመናዊዎቹ የቀጠኑና በአነስተኛ ውጥረት የተወጠሩ፣ ሳይደራረቡም ጎን ለጎን የተዘረጉ ነበሩ። ስለሆነም ድምፁ ፈጥኖ ይከስማል፤ የዝቅተኛው፣ የመካከለኛውና የከፍተኛው ክፍል ድምፅም እርስ በርሱ ተለይቶ ይሰማል። ዘመናዊው ፒያኖ ግን ባለ አንድ ወጥ የብረት ማዕቀፍና ወፍራም አውታር በመሆኑ ድምፁን ለረጅም ጊዜ ያቆያል።

የ17ኛው ፕሬሉድ መደምደሚያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ክፍል ዝቅተኛው ላ ቤሞል እንደ ደወል 11 ጊዜ ይመታል፤ በላዩም ኅብረ ድምፆች ይፈራረቃሉ። ፔዳሉ ቶሎ ቶሎ ከተለወጠ የደወሉ ድምፅ ይቆረጣል፤ ከመጠን በላይ ከተያዘ ደግሞ ዜማው ይሰወራል። በፕሌየል ላይ ሁለቱም በአንድነት ሊሰሙ ይችላሉ።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ሾፓን በሌሎች ፒያኖዎችም ተጫውቷል፤ የአንድ ሥራ ቅጂዎችም በምልክት የሚለያዩበት ጊዜ አለ። በመሆኑም ምልክቱን እንደ ማይጣስ ሕግ መቁጠርም፣ እንደ ስሕተት መሰረዝም ተገቢ አይሆንም። ተጫዋቹ ምልክቱ የሚያመለክተውን የድምፅ ውጤት ለይቶ ፔዳሉን በከፊል በመርገጥና የጣቱን ኃይል በመመጠን ወደዚያው ውጤት ሊቀርብ ይችላል። አርታዒም የደራሲውን ምልክት እንዳለ አትሞ የራሱን አስተያየት ለይቶ ቢያሰፍር፣ ተመራማሪው ማስረጃውን ሳያጣ የራሱን ፍርድ ለመስጠት ይችላል።