ኔትሊንክ፦ መስመር ሲወድቅ ለማን ይነገራል?

ኮንቴነሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ቢደርስም ሰነዱ በኔትወርክ ካላለፈ መኪናው ቆሞ ይውላል። እዚያ ያለ አንድ ቢሮ ሁለት መስመር አለው እንበል፤ ዋናው ፋይበር፣ መጠባበቂያው ገመድ አልባ። ፋይበሩ ሲጠፋ የሊኑክስ ራውተሩን ወደ ሁለተኛው የሚያዞረው ምንድን ነው?

የድሮዎቹ ኢፍኮንፊግና ራውት የተባሉት ትእዛዞች ከርነሉን በአይኦክትል ይጠይቃሉ፤ ካልጠየቁት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ሊኑክስ 2.2 ጀምሮ ያለው የኔትሊንክ ሶኬት ግን በሁለቱም በኩል ያናግራል። እኛ ራውት ጨምር፣ ሰርዝ እንለዋለን፤ እሱም ኢንተርፌስ ሲወድቅ ሳይጠየቅ ለተመዘገበ ፕሮግራም ሁሉ ያሳውቃል። እያንዳንዱ መልእክት በ16 ባይት ራስጌ ይጀምራል፦ ርዝመት፣ ዓይነት፣ ምልክቶች፣ ተራ ቁጥርና የላኪ መለያ። ተራ ቁጥሩ መልሱ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ይለያል፣ ኮንቴነር ላይ እንደተጻፈው ቁጥር ማለት ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ጋ ደረስን። ገመዱ ሲነቀል ከርነሉ መልእክት ይልካል እንጂ፣ ካላዘዝነው በስተቀር ራውቱን ከሰንጠረዡ አያወጣም። ፓኬቱ ዝም ብሎ ወደ ሞተው መስመር ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮግራማችን መልእክቱን ሰምቶ ራውቱን መተካት አለበት። የባሰው ደግሞ ፋይበሩ ከግቢው ውጪ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ሲቆረጥ ነው። ከራውተሩ እስከ ሞደሙ ያለው ገመድ ደህና ስለሆነ ኔትሊንክ ምንም አይልም። መፍትሔው በየጥቂት ሴኮንዱ ራቅ ያለ አድራሻ ፒንግ ማድረግ፣ መልስ ሲጠፋም ዲፎልት ራውቱን በኔትሊንክ መለወጥ ነው። ፒንጉ ግን በፋይበሩ በኩል ብቻ እንዲወጣ ይታሰር፤ አለዚያ በመጠባበቂያው ዞሮ መልስ ያመጣና ፋይበሩ የተጠገነ ይመስላል።