የልጆቼ ሞግዚት ማን ነው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አረፈ። ልጆቼ የ9 እና የ14 ዓመት ናቸው። የባለቤቴ ወንድም «ሞግዚታቸው እኔ ነኝ» ብሎ የቤት ኪራያቸውን መሰብሰብ ጀምሯል። መብት አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የለውም፣ እህቴ። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሕጉ ሁለት ኃላፊነት ያቆማል፦ አሳዳሪው አስተዳደጉንና ጤናውን፣ ሞግዚቱ ንብረቱን ይጠብቃል። አባትና እናት በጋራ አሳዳሪም ሞግዚትም ናቸው፤ አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ በሕይወት ላለው ወላጅ ብቻ ይሆናል። አጎት ተራው የሚደርሰው ወላጆች በሌሉበት ነው፤ ያኔም አያቶች ይቀድሙታል። ሽማግሌ ቢያስማማችሁ መልካም ነው፤ የልጆቹን ገንዘብ ግን በይሉኝታ አይልቀቁ። የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ይዘው ሞግዚትነትዎን በፍርድ ቤት ያረጋግጡ፤ የተሰበሰበውንም ኪራይ በልጆችዎ ስም ይጠይቁ።