ትንንሾቹን ቃላት አትናቂያቸው

ልጄ፣ ለእርማት የላክሽልኝን የእንግሊዝኛ ኢሜይሎች አየኋቸው። ሰዋስውሽ ከአንድ ስሕተት በቀር ንጹሕ ነው፤ ፊደል የገደፍሽበት ቦታም የለም። ግን ሁሉም የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላሉ፤ ሻይ እንጠጣ ብለሽ ለባልደረባሽ የጻፍሽው ሳይቀር። ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ከባድ ቃል የተማረ ሰው ምልክት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚይዝባቸው፣ «ፍሬዛል ቨርብ» የሚባሉት ደግሞ ለአፍ እንጂ ለብዕር አይሆኑም ተብሎ ተነግሮናል። በእነሱ ጉዳይ የምልሽ አለኝ። እንዲቀልሽ በቁጥር ላድርገው።

1. ለጽሑፍ አይሆኑም ያለሽን ሰው አትስሚው። ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቹ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቃላትን የያዘ የንግግርና የጽሑፍ ክምችት መርምረው በ1999 ያሳተሙት የሎንግማን ሰዋስው፣ እነዚህ ግሶች በጭውውትና በልብ ወለድ እንደሚበዙ፣ በምሁራን ጽሑፍ ደግሞ እንደሚያንሱ ያሳያል። አነሱ ማለት ተከለከሉ ማለት አይደለም። ተመራማሪው ጥናት ማካሄዱን ሲገልጽ «ካሪ አውት» ይላል፤ አንድ ነጥብ ሲጠቁም «ፖይንት አውት» ይላል። ውል አርቃቂውም ግዴታዎቹን ሲዘረዝር «ሴት አውት» ብሎ ይጽፋል፤ ማንም ባለጌ አይለውም። «ፊገር አውት»ን የመመረቂያ ጽሑፍሽ ውስጥ ብታስገቢው ግን አማካሪሽ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣል። እያንዳንዱን ለየብቻው መዝኚው።

2. ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ለምን አስፈለገ ብለሽ እንዳትማረሪ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ለረጅም ዘመን የሹማምንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱና የሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን ነበር። ተራው ሕዝብ በራሱ እንግሊዝኛ ቀጠለ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሊቃውንቱ ከላቲን መቅዳታቸውን አልተዉም። «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ኢንቨስቲጌት» በዚህ በኩል የገቡ ናቸው፤ «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ኢንቱ» የቤት ልጆች ናቸው። ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር አብሮ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመድ ሲሞት ደውለሽ «ዜና ዕረፍት» አትይኝም፤ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ያምርበታል።

3. ሁለቱን ቃል እንደ አንድ ግስ ያዣቸው። «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ስንል ማን ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። «ጊቭ አፕ»ም እንዲሁ ነው፦ መስጠትም ወደ ላይ መውጣትም የለበትም፤ ተስፋ ቆርጦ መተው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረት መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ እኔና አንቺ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። («ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስም ራሱ ከነገሩ በዕድሜ በጣም ያንሳል፤ ሎገን ፒርሳል ስሚዝ በ1925 መጽሐፉ ላይ ሲጠቀምበት ያገኘው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ተናግሯል።)

4. ትንንሾቹ ቃላት ጠባይ አላቸው፤ ሕግ ግን የላቸውም። «አፕ» ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ማድረስን ያሳያል፤ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ መጨረስ ነው። «ኦፍ» ወደ መቋረጥ ያደላል፤ «ኮል ኦፍ» ያሰቡትን መሰረዝ ነው። ይህን ማወቅ ለመገመት ይረዳል። ግምትሽን ይዘሽ ግን ወደ ጽሑፍ አትግቢ። ቤት ሲቃጠል «በርን ዳውን»፣ ወረቀት ሲቃጠል «በርን አፕ» ይባላል፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ፣ ሁለቱም አመድ ናቸው። ቅጽ መሙላትን እንግሊዞች «ፊል ኢን»፣ አሜሪካኖች «ፊል አውት» ማለት ይቀናቸዋል።

5. ተሳቢው የት እንደሚገባ እይ። ከኢሜይሎችሽ ውስጥ በእውነት የተሳሳትሽበት ይኼ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። መብራት አጥፋ ለማለት «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ትያለሽ፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ትያለሽ፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። «መብራት» የሚለውን በተውላጠ ስም ስትተኪው ግን ምርጫው ያልቃል፤ «ተርን ኢት ኦፍ» ብቻ ነው ትክክሉ። አንቺ ስለ ቅጹ ስትጽፊ «ፊል አውት ኢት» ብለሻል፤ «ፊል ኢት አውት» በይው። ተሳቢው ሲረዝም ደግሞ ተቃራኒው ይሻላል። «ባለፈው ሳምንት የላክሁልሽን ባለ ሦስት ገጽ ቅጽ» የሚያህል ሐረግ በ«ፊል» እና በ«አውት» መካከል ከወተፍሽ፣ አንባቢው «አውት» ጋ ሲደርስ ግሱን ረስቶታል። እንዲህ ያለውን ሁሉ ወደ ኋላ ጣይው።

ደግሞ የማይለያዩ አሉ። «ሉክ አፍተር»፣ መንከባከብ፣ በመካከሉ ምንም አያስገባም፤ «ሉክ አፍተር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» የለም። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ጥሩ መዝገበ ቃላት ግን «ሰምቲንግ» የምትለዋን ቃል ቦታዋ ላይ አስቀምጦ ያሳይሻል፦ «ተርን ሰምቲንግ ኦፍ»፣ «ሉክ አፍተር ሰምቲንግ»። ትርጉሙን ብቻ አይተሽ አትዝለያት።

6. «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ስትይ ቀጥሎ «ሂሪንግ» እንጂ «ሂር» አይመጣም። «ቱ» እዚህ ላይ መስተዋድድ ናት። በቃ።

7. ሲለያዩና ሲገጥሙ አንድ አይደሉም። «ሎግ ኢን» ተለያይቶ ሲጻፍ ግስ ነው፤ «ሎግኢን» ተጋጥሞ ሲጻፍ ስም ነው፣ መግቢያው ራሱ። «ባክ አፕ» እና «ባክአፕ»፣ «ሴት አፕ» እና «ሴትአፕ»ም እንደዚሁ ናቸው። ስትጠራጠሪ ወደ ኃላፊ ጊዜ ለውጪው፤ «ሎግድ ኢን» ይላሉ፣ የኃላፊ ጊዜዋ ምልክት የምትገባው መካከል ላይ ነው። ስለዚህ ግስ ከሆነ ክፍተቱ ያስፈልጋል። የድርጅቶች ድረ ገጽ ላይ ሳይቀር ተሳስቶ ታገኚዋለሽ፤ አይዞሽ፣ አንቺ አስተካክለሽ ጻፊ።

ከዚህ የሚብሰው ትንሿ ቃል ከፊት ስትቀድም ነው። «ሉክ ኦቨር» ሰነድን ፈጠን ብሎ ማየት ነው፤ «ኦቨርሉክ» ሳያዩ ማለፍ ነው። «ሴት አፕ» ማቋቋም፣ «አፕሴት» ማስከፋት ነው። ሒሳቡን አይቼዋለሁ ልትይ ፈልገሽ «ኦቨርሉክድ» ብለሽ ለኦዲተር ብትጽፊ፣ ሥራዬን አልሠራሁም ብለሽ በፊርማሽ መስክረሻል።

8. ማን እንደሚያነበው አስቢ። ለባልደረባሽ ስብሰባው ወደ ሐሙስ ተላልፏል ስትይ «ዊ ሃቭ ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ አንቲል ሰርስዴይ» ይበቃል። ለቦርድ አባላት በሚላከው ማስታወቂያ ላይ «ፖስትፖንድ» ይግባ፤ እዚያ ቦታው ነው። ግብዣ ላለመቀበል «ዲክላይን» ማለት ለስለስ ይላል፣ «ተርን ዳውን» ግን ተቀባዩን የገፋሽው ያስመስላል። በተለይ «ፑት አፕ ዊዝ»ን ተጠንቀቂ። አለቃሽ ላወጣው ዕቅድ «አይ ካን ፑት አፕ ዊዝ ዩር ፕላን» ብትይ፣ እስማማለሁ አላልሽም፤ ዕቅድህን እችለዋለሁ፣ ምን ይደረግ እያልሽው ነው።

አሜሪካ ላሉት ዘመዶቻችን በስልክ እያነበብሽ ቅጽ ስታስሞይ ደግሞ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል። «ሌይ ኦፍ» ሥራ ቀንሶ ያለ ጥፋት ማሰናበት ነው፤ «ፋየርድ» ሲባል ግን ሰሚው ብዙውን ጊዜ ጥፋት ያስባል። የሥራ አጥ ድጎማ ሲጠየቅ ከሥራ የተለየሽው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቀንሶ ያሰናበተው ሰው «ፋየርድ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያለ ጥፋቱ እንዳይጉላላ። ክሊኒክ ውስጥም ነርሷ የምትጠይቀው በቤት ቋንቋ ነው፦ «ትሮው አፕ» አስታወክ ወይ፣ «ፓስ አውት» ራስህን ሳትክ ወይ። ሐኪሙ መዝገብ ላይ የሚጽፈው ሌላ ቃል ነው። የምታስተረጉሚ ከሆነ ሁለቱንም ማወቅ አለብሽ።

9. በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር አትሸምድጂ። «ጌት» ከሚለው ግስ ሥር ያሉትን ብቻ ስትቆጥሪ ይመሽብሻል፤ ጠዋት ሲነሡ ደግሞ ሁሉም ተደባልቀው ይገኛሉ። ይልቅ የሚደርሱሽን ኢሜይሎች አንብቢ። ግሱን ብቻውን ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ደብተርሽ ላይ ገልብጪ፤ ማን ለማን እንደጻፈው ጎኑ ላይ አስፍሪ፣ አለቃ ለሠራተኛ ይሁን ጓደኛ ለጓደኛ። በ1989 የወጣው የኮሊንስ ኮቢልድ የፍሬዛል ቨርብ መዝገበ ቃላት አሮጌው እትም እኔ ጋ አለ። ከኋላው ትንንሾቹን ቃላት በየጠባያቸው የሚያሰልፍ ማውጫ አለው። እሑድ ብቅ ስትይ ወስደሽ ተጠቀሚበት፤ ሽፋኑ ስለተገነጠለ በላስቲክ አድርገሽ ያዢው።