ማዳበሪያው ማሳው ላይ ይቅር፦ ጣናን ከየብስ ጀምሮ መጠበቅ

እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ብዙ ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቅሏል። አረሙን የሚቀልበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን በየክረምቱ በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ እየተጫነ ይገባል። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ ደለሉን እያናወጠ የተኛውን ንጥረ ነገር መልሶ ያነሣዋል። የገባውን ማውጣት ከባድ ነው፤ ሳይገባ ማስቀረት ግን በዳሩ ገበሬ እጅ ነው።

1. መጠኑን ይወስኑ። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ሰብሉ ያልወሰደውን ውኃ ይወስደዋል። የልማት ሠራተኛውን ያማክሩ፤ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከጨመሩ ዩሪያውን ይቀንሱ።

2. ከፋፍለው ይስጡ። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ፎስፈረስ ያለበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሲዘሩ አፈር ያልብሱት። ከዩሪያው ከፊሉን በዘር ጊዜ፣ የቀረውን ሰብሉ ከሥሩ አዳዲስ አገዳ ማውጣት ሲጀምር ይጨምሩ። ከባድ ዝናብ ከመጣ ይቆዩ። የፎገራ ሩዝ አምራቾች ዩሪያ በጨመሩ ሰሞን የማሳውን ውኃ አይልቀቁ።

3. አፈሩን ያቁሙ። ተዳፋት የሚታረሰው አግድም ይሁን፤ እርከን ይሥሩ። የማሳውን ፈሰስ በቀጥታ ወደ ወንዝ ሳይሆን ሣር ወዳለበት ቦታ ይምሩት።

4. ዳሩን ሳያርሱ ይተዉ። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚለቀው ለም መሬት ያጓጓል፤ ሲታረስ ግን ማዳበሪያው በቀጣዩ ክረምት ውኃ ውስጥ ያድራል። በወንዝና በሐይቅ ዳር ቢያንስ 10 ሜትር ይከልሉ፤ ደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር ይትከሉ። ደንገል ደለልንና ንጥረ ነገርን ስለሚይዝ ለታንኳ ሲያጭዱ ሥሩን አይንቀሉ።

5. ፍግና እጣቢ ያርቁ። ፍጉን ከጎርፍ መንገድ ውጪ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከድነው ያብስሉ። ልብስ ወንዝ ውስጥ አይጠቡ፤ እጣቢውን ከውኃው ራቅ ያለ መሬት ላይ ይድፉ።

6. የነቀሉትን እንቦጭ ያርቁ። ዳር ላይ ከበሰበሰ የያዘው ንጥረ ነገር ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ሳያብብ ያውጡት፤ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ያድርቁት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ያበበውን ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩ፤ አድርቀው ያቃጥሉት።

በሰኔ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲጥል ከማሳዎ የሚወጣውን ውኃ ይመልከቱ። ከደፈረሰ አፈሩና ማዳበሪያው እየሄደ ነውና ወደ ሦስተኛው ሥራ ይመለሱ። ከላይ ያለው ጎረቤትዎም እንዲሁ ያድርግ፤ ጎርፍ የማሳ ድንበር አያውቅም።