የእራት ጠረጴዛው ሒሳብ፦ ዕድሜና ተግባቢነት በመዝናኛ መርከብ ላይ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጡረታ የወጡ ሰዎች ለዕረፍት ከሚመርጧቸው ጉዞዎች አንዱ የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ነው። መርከቡ ሆቴልም፣ ምግብ ቤትም፣ ቴአትር ቤትም ሆኖ ከወደብ ወደብ ይዘዋወራል። ተሳፋሪው ሻንጣውን አንድ ጊዜ ከፈታ እስከ ጉዞው ፍጻሜ አይሸከምም፤ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእነዚህ አረጋውያን መካከል የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ አሉ። እነርሱ የሚፈልጉት ባሕሩን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ጭምር ነው። ታዲያ በሁለት ሺህ ሰው መካከል ሰባት ቀን ሰንብቶ አንድም ወዳጅ ሳያፈሩ መመለስ እንዴት ይቻላል?

የፊዚክስ መምህር በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ መርከብ ማለት ብዙ ተንቀሳቃሾችን የያዘ ዝግ ዕቃ ነው፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ ማን ከማን ጋር ስንት ጊዜ ይገናኛል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የጋዝን ጠባይ ስናጠና ዘወትር የምንጠይቀው ነው። ጉዳዩም የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ጁሊያን ሆልት-ሉንስታድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ 308,849 ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየታቸው ዕድል ትስስራቸው ደካማ ከሆነው ሰዎች በ50 በመቶ የላቀ መሆኑን አሳይተዋል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። መርከቡ 2,000 ተሳፋሪዎችን ይዟል፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ስምንት ሰው ያስቀምጣል፣ ጉዞው ሰባት ምሽት ነው፣ እራቱም ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ብቻቸውን የመጡ የ72 ዓመት እናት ናቸው።

በቀድሞው የመርከብ ልማድ መሠረት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ እስከ ጉዞው ፍጻሜ የማይለወጥ የእራት ጠረጴዛ ይሰጠው ነበር። በዚህ ሥርዓት እኒህ እናት ከሰባት ሰዎች ጋር፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር 14 ሰዓት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዊጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው ድርጅት ተሳፋሪው በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ስፍራ እንዲመገብ የሚፈቅድ አሠራር ጀመረ፤ ሌሎችም ድርጅቶች ተመሳሳይ ምርጫ ማቅረብ ቀጠሉ። ቦታው ምሽት ምሽት በዕጣ የሚደርስ ቢሆን፣ እናታችን በሰባቱ ምሽቶች ወደ 49 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ።

አሁን አባዙ። ሰባት ሲባዛ በ14፣ 98 ነው። አርባ ዘጠኝ ሲባዛ በሁለትም 98 ነው። በሁለቱም ሥርዓት ጠቅላላው «የትውውቅ ሰዓት» አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍፍሉ ብቻ ነው።

በዕጣው ሥርዓት ትናንት አብሮ የበላ ሰው ዛሬ የመገኘቱ ነገርስ? ትናንት ከተገኙት ሰባት ሰዎች እያንዳንዳቸው ዛሬ በዚሁ ጠረጴዛ የመቀመጣቸው ዕድል 7 ለ1,999 ነው። ስለዚህ በአማካይ የሚደገሙት ሰዎች ቁጥር 7 × 7 ÷ 1,999 = 0.0245 ይሆናል። በሰባት ምሽቶች ውስጥ ያሉትን 21 የምሽት ጥንዶች ሁሉ ብንደምር እንኳ 0.5 ያህል ነው፤ ይኸውም በጠቅላላው ጉዞ አንድ ድግግሞሽ እንኳ አይሞላም። መርከቡ 200 ሰው ብቻ የሚይዝ ቢሆን ግን ይኸው ቁጥር ከ5 ያልፋል። በትልቁ መርከብ ላይ ሰው ሞልቶ ሰው የሚታጣው ስለዚህ ነው።

መደጋገሙ ለምን ያስፈልጋል? ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በባለ ትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ መርምረዋል። በሮቻቸው ጎን ለጎን ከሆኑት ጥንዶች 41 በመቶው፣ በመካከላቸው አንድ በር ካለው 22 በመቶው፣ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ከሚኖሩት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ ወዳጅ ሆነው ተገኙ። የሚለያያቸው ጥቂት ሜትር ነበር፤ ነገር ግን በደረጃ ላይ፣ በበር ላይ ሳያስቡት የሚተላለፉበትን ብዛት የሚወስነው ይኸው ጥቂት ሜትር ነው። በዶርም የኖረ አንባቢ ይህን ከራሱ ልምድ ሊመዝነው ይችላል።

እርግጥ ሰዎች የጋዝ ቅንጣቶች አይደሉም። ጨዋታ የሚችል ሰው «ነገም አብረን እንብላ» ብሎ ዕጣውን ያሸንፈዋል። ድሮውንም ተግባቢ የሆነው በነፃው ምርጫ ይጠቀማል፤ ዓይን አፋሩ ግን ቋሚው ጠረጴዛ ያለ ልመና ይሰጠው የነበረውን ያጣል። በእኔ ግምት የአዲሱ ሥርዓት ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜስ? ሰው ሲያረጅ ተግባቢነቱ ይቀንሳል የሚለው አባባል በከፊል እውነት፣ በከፊል ስሕተት ነው። የፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የሞባይል ስልክ ጥሪዎችን ቆጥረው፣ ሰው የሚደውልላቸው ሰዎች ቁጥር በ25 ዓመት አካባቢ ከፍተኛ ሆኖ ከዚያ እንደሚወርድ አግኝተዋል። መረጃው ግን የእ.ኤ.አ. 2007 ነው። ያን ጊዜ 70 ዓመት የሞላው ሰው ሞባይል ያየው በስተርጅናው ነበር። ስለሆነም የምናየው የዕድሜን ውጤት ነው ወይስ የትውልድን? በአንድ ወቅት የተነሣ ፎቶግራፍ እንደ ፊልም ሊነበብ አይገባውም።

የስታንፎርዷ የሥነ ልቦና ሊቅ ሎራ ካርስተንሰን ለዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላቸው። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ሰው የቀረው ዘመን አጭር መሆኑ ሲሰማው ሰውን አይጠላም፤ ይመርጣል። ከሩቅ የሚያውቃቸውን እየተወ የሚወዳቸውን ያጠብቃል። ምክንያቱ የዓመቱ ቁጥር ሳይሆን የቀረው ጊዜ መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ካርስተንሰንና ባርባራ ፍሬድሪክሰን ባሳተሙት ጥናት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝና የሕመሙ ምልክት የታየባቸው ወንዶች፣ በዕድሜ ወጣቶች ሆነው ሳለ፣ ሰዎችን የሚመዝኑት እንደ አረጋውያን ነበር። እንዲህ ከሆነ 49 አዲስ ፊት ለሃያ ዓመት ወጣት በረከት ሲሆን፣ ለእኒያ እናት ግን ሰባቱ ይበልጣሉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም የእኔው የትምህርት ክፍል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ በመጀመሪያ የሚያጣው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች ነው። የአናባቢ ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው በዝቅተኛው ድግግሞሽ ይገኛል፤ የ«ስ» ድምፅ ጉልበት ግን በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። ስለዚህ አረጋዊው ድምፁን ይሰማል፣ ነገር ግን «ሠራ» ይሁን «ፈራ» ለመለየት ይቸገራል። «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» የሚሉት ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ የትልቁን አዳራሽ ጫጫታ ጨምሩበት። ኤትየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 እንደ ገለጡት፣ ሰው በጫጫታ ውስጥ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሁሉም ከፍ ሲያደርግ ጫጫታው ራሱ ያድጋል። በገላጣ ስፍራ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በሰፊ ክብ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው በጎን ካለው እጥፍ ሊርቅ ስለሚችል፣ እኒያ እናት ከሰባቱ ጋር ሳይሆን በቀኝና በግራ ካሉት ሁለት ሰዎች ጋር ብቻ ይጫወታሉ። ዝም ማለታቸውን ያየ ሰው ግን «እርጅና ነው፣ ሰው አይፈልጉም» ይላል። ይህ ፍርድ የአዳራሹን ጣሪያ በሰውዬው ጠባይ ላይ መጫን ነው፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ትንንሽ ጠረጴዛዎች ከብዙ ምክር የተሻለ ይረዳሉ።

ሰውን ከሰው የሚያገናኘው መንገድ በሽታንም እንደሚያሻግር መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2020 በዮኮሃማ ወደብ ተገልሎ በቆየው ዳይመንድ ፕሪንሰስ መርከብ ላይ ከነበሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ በኮሮና ቫይረስ ተይዘዋል። ከተሳፋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 69 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። በዚህም ረገድ የሁለቱ ጠረጴዛዎች ሒሳብ ይለያያል፦ ቋሚው ጠረጴዛ ንክኪውን በስምንት ሰዎች መካከል ያቆየዋል፣ የዕጣው ግን በጥቂት ምሽቶች ውስጥ መርከቡን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘዋል።

ሒሳቡን መቀጠል ለሚፈልግ አንባቢ አንድ ጥያቄ እናቅርብ። መርከቡ 2,000 ሰው እንደ ያዘ ጠረጴዛዎቹ የአራት ሰው ቢሆኑ፣ በዕጣው ሥርዓት በሰባት ምሽቶች ውስጥ የሚጠበቀው የድግግሞሽ ቁጥር ስንት ይሆናል? በቋሚው ሥርዓትስ ጠቅላላው የትውውቅ ሰዓት ከ98 ወደ ስንት ይወርዳል?